ዩራኒየምን ከባሕር ውሃ ስለ ማውጣትና ስለሚጠይቀው ወጪ

ባሕር ስፍር ቁጥር የሌለው ሀብት የተከማቸበት ግምጃ ቤት ነው የሚለው አነጋገር በብዙ አገሮች ዘንድ የቆየ ነው። አነጋገሩም ከእውነት የራቀ አይደለም። በባሕር ውሃ ውስጥ ከገበታ ጨው በቀር ማግኒዚየም፣ ብሮሚን፣ ፖታሲየም፣ ሊቲየም፣ ወርቅና ዩራኒየም ሟሙተው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ሀብቱ በግምጃ ቤት መኖሩና ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፣ በንግድ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ጥያቄውን ከሁለተኛው ሊጀምር ይገባዋል። ለአቶሚክ ኀይል ማገዶ የሚሆነውን ዩራኒየም ከባሕር ውሃ ለይቶ ማውጣት ከስልሳ ዓመት በላይ የተደከመበት ሥራ ሲሆን፣ ውጤቱ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ፣ በገበያ ግን ገና ያልተፈተነ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከምን እንደ መጣ መመርመር ለማንኛውም የማዕድንና የኢንዱስትሪ ንግድ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማዕድኑ ጠባይና የባሕሩ ክምችት

ዩራኒየም በ1789 በጀርመናዊው ኬሚስት በማርቲን ሃይንሪኽ ክላፕሮት የታወቀ ከባድ ብረት ነው። ስሙም ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ከተገኘው ኡራኑስ ከተባለው ፕላኔት የተወሰደ ነው። ለረዥም ዘመን ከብርጭቆና ከሸክላ ማቅለሚያነት ያለፈ የንግድ ጥቅም አልነበረውም። በ1938 የአቶሙ እምብርት ሊሰነጠቅ እንደሚችል ከታወቀ በኋላ ግን የመንግሥታት ሁሉ ዓይን ወደ እርሱ ዞረ። ዛሬ 1 ሚሊዮን ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሰጥ አንድ የአቶሚክ ጣቢያ በዓመት 200 ቶን ያህል የተፈጥሮ ዩራኒየም ያስፈልገዋል። የዓለም ጣቢያዎች ሁሉ ተደምረው በዓመት ከ60 ሺህ ቶን በላይ ይፈልጋሉ።

በየብስ ላይ የታወቀውና በኪሎግራም እስከ 260 ዶላር በሚደርስ ወጪ ሊወጣ የሚችለው ክምችት 8 ሚሊዮን ቶን ገደማ መሆኑን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኀይል ድርጅትና የበለጸጉት አገሮች የኒውክሌር ኀይል ድርጅት በአንድነት የሚያወጡት መጽሐፍ ይገልጻል። ከዓመታዊው ምርት ውስጥ ከአምስት ሁለት እጅ ያህሉን የምታቀርበው ካዛክስታን ብቻዋን ናት። ካናዳ፣ ናሚቢያና አውስትራሊያም ከዋነኞቹ አቅራቢዎች መካከል ናቸው።

በባሕር ውስጥ ያለው ደግሞ 4 ቢሊዮን ከ500 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይገመታል፤ ይኸውም በየብስ ከታወቀው ከ500 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በዚህም ላይ ወንዞች ድንጋይና አፈር እያጠቡ በየዓመቱ በሺህ ቶን የሚቈጠር አዲስ ዩራኒየም ወደ ባሕር ይጨምራሉ። ይህ አኀዝ ለጋዜጣ አርእስት የተመቸ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚህ አልፎ የሚጽፍ የለም። የነገሩ ቁልፍ ግን በጠቅላላው ድምር ሳይሆን በውሃው ቅጥነት ላይ ይገኛል። በ1 ቶን የባሕር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ዩራኒየም 3.3 ሚሊግራም ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎግራም ለማግኘት አንዲት ጠብታ እንኳ ሳታመልጥ 303 ሺህ ቶን ውሃ መጣራት አለበት ማለት ነው።

ከባሕር ወጥተው የተሸጡ ሌሎች ዕቃዎች

ከባሕር ማዕድን ማውጣት ራሱ እንግዳ ሥራ አይደለም። ጨው ከጥንት ጀምሮ በፀሓይ ሙቀት ሲወጣ ኖሯል፤ የአፍዴራ ጨውም ጨዋማውን የሐይቅ ውሃ በገንዳ ላይ አስተኝቶ ለፀሓይ በመስጠት የሚገኝ ነው። በዚህ ሥራ ዋናው ሠራተኛ ፀሓይ ስለ ሆነች ደመወዝ አትጠይቅም፤ በ1 ቶን የባሕር ውሃ ውስጥ ያለውም ጨው 35 ኪሎግራም ያህል በመሆኑ ድካሙን ይከፍላል።

በተባበሩት አሜሪካ መንግሥታት በ1934 በሰሜን ካሮላይና በኪዩር ቢች ከባሕር ውሃ ብሮሚን የሚያወጣ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ብሮሚኑ እርሳስ ለተጨመረበት ቤንዚን ይፈለግ ነበር። በ1941 ደግሞ ዳው የተባለው ኩባንያ በቴክሳስ በፍሪፖርት ከተማ የባሕር ውሃን ከኦይስተር ቅርፊት ከተቃጠለ ኖራ ጋር እያዋሐደ ማግኒዚየም ማምረት ጀመረ። በጦርነቱ ዘመን ለአውሮፕላን ሥራ የዋለ ብዙ ቀላል ብረት ከዚያ የመጣ ሲሆን፣ ኩባንያው ይህን ምርት ያቆመው በ1998 ነው። እነዚህ ሁለቱ ሥራዎች ትርፍ ያስገኙበትን ምክንያት ለማወቅ የውሃውን ብልጽግና ማየት ይበቃል። በ1 ቶን የባሕር ውሃ ውስጥ 1,300 ግራም ያህል ማግኒዚየምና ከ65 ግራም የማያንስ ብሮሚን አለ። ከዩራኒየሙ 3.3 ሚሊግራም ጋር ሲነጻጸር ማግኒዚየሙ ወደ 400 ሺህ እጥፍ ይሆናል።

ቅጥነትን የናቀ ሰው ምን እንደሚገጥመው የሚያስተምረው ግን የወርቁ ታሪክ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን በ1921 የ132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ካሣ እንድትከፍል ተወሰነባት። በዚያ ጊዜ ከአየር ናይትሮጅን አሞንያ የሚሠራበትን ዘዴ በማግኘታቸው የ1918ን የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ፕሮፌሰር ፍሪትዝ ሐበር አገራቸውን ከዚህ ዕዳ ለማዳን ወርቅን ከባሕር ለማውጣት ተነሡ። ቀደም ብሎ በተጻፉት መጻሕፍት በ1 ቶን ውሃ ውስጥ እስከ 6 ሚሊግራም ወርቅ አለ ይባል ነበር። ሐበርም ይህን እንደ መነሻ ወስደው በመንገደኞች መርከብ ላይ ላቦራቶሪ አቋቁመው አትላንቲክን ተሻገሩ፤ ከብዙ ባሕሮችም ውሃ እየተቀዳ ተመረመረ። ከአያሌ ዓመታት ድካም በኋላ የተገኘው ወርቅ ከታሰበው ከመቶኛው እጅ እንኳ በታች ሆኖ ስለ ተገኘ ሥራው ተቋረጠ። የቀድሞዎቹ አኀዞች የተሳሳቱት በመመርመሪያው ጠርሙስና በመድኃኒቱ ውስጥ የነበረው ጥቂት ወርቅ ከባሕሩ ወርቅ ጋር እየተደባለቀ በመለካቱም ጭምር ነው። ሐበር ገንዘብ ለፋብሪካ ከመፍሰሱ በፊት ልኩን አጣርተው ማወቃቸው ግን የሚያስመሰግን ነው። ብዙ ኩባንያዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ሲከስሩ ታይተዋል።

ውሃውን ወደ ፋብሪካ ማምጣት ለምን አልተቻለም

የዩራኒየሙ ልክ ከወርቁ በተለየ በሚገባ የታወቀ ነው፤ በዓለም ባሕሮችም ሁሉ ያለው መጠን ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ የሐበር ዓይነት ድንጋጤ አይጠበቅም። ችግሩ ሌላ ነው።

አንድ ጣቢያ በዓመት የሚፈልገውን 200 ቶን ዩራኒየም ለማግኘት፣ ምንም ሳይባክን ቢያዝ እንኳ፣ 60 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መጣራት ይኖርበታል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለ ሆነ፣ ለአንድ ጣቢያ የአንድ ዓመት ማገዶ ብቻ ከዚያ ሐይቅ ከአምስት አራት እጅ የሚሆነውን ውሃ እየቀዱ ማጣራት እንደ ማለት ነው። ከውሃው ዩራኒየም ሲሶው ብቻ ቢያዝ ደግሞ የሚያስፈልገው ውሃ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ በፓምፕ እየሳቡ ማንሣት የሚበላው ኤሌክትሪክ ዩራኒየሙ ከሚያስገኘው ኀይል ላይ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል።

ይህ በስሌት ብቻ ሳይሆን በሥራም ተፈትኗል። በ1964 በእንግሊዝ አገር በሐርዌል የሚገኙ የአቶሚክ ምርምር ሊቃውንት ውሃ ያዘለ የቲታኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ዩራኒየምን ከባሕር ውሃ ለይቶ እንደሚይዝ ገልጸው ጻፉ። ጃፓኖችም ይህንኑ መንገድ ተከትለው በ1980ዎቹ ዓመታት በካጋዋ አውራጃ በኒዮ የባሕር ዳርቻ የሙከራ ፋብሪካ አቆሙ። ፋብሪካው ውሃን በፓምፕ እየሳበ በዱቄቱ መካከል ያሳልፍ ነበር። ዩራኒየም ማግኘት ይቻላል የሚለው ተረጋገጠ፤ ነገር ግን ዱቄቱ የሚይዘው መጠን ጥቂት፣ ፓምፑ የሚበላው ኀይል ብዙ ሆኖ ስለ ተገኘ መንገዱ ተተወ። ከዚህ በኋላ ሐሳቡ ተገለበጠ፤ ውሃውን ወደ ፋብሪካ ከማምጣት ይልቅ ያዡን ዕቃ ወደ ባሕር መውሰድና ውሃውን የማመላለሱን ሥራ ለባሕሩ ሞገድና ፈሳሽ መተው ተመረጠ። ኩሮሺዮ የተባለው በጃፓን ዳርቻ የሚያልፈው ታላቅ የባሕር ፈሳሽ በዓመት 5 ሚሊዮን ቶን የሚያህል ዩራኒየም ተሸክሞ ስለሚያልፍ፣ የአገሩ ሊቃውንት ዓይናቸውን በእርሱ ላይ መጣላቸው አያስገርምም።

ያዥ ዕቃ ምን እንደ ሆነ

በዚህ ሥራ ላይ የሚውለው ዕቃ በሳይንስ ቋንቋ አድሶርቤንት ይባላል። ስፖንጅ ውሃን ወደ ውስጡ እንደሚመጠው ዓይነት አይደለም፤ የሚፈለገውን ነገር በገጹ ላይ ብቻ አጣብቆ የሚይዝ ነው። በመስክ ያለፈ ሰው ጋቢ ሣሩንና አቧራውን ትቶ ጭጎጎቱን ለቅሞ እንደሚመጣ ማሰብ ይቻላል። ጥሩ ያዥ ዕቃ ሦስት ጠባይ ሊኖረው ይገባል፦ ገጹ ሰፊ እንዲሆን፣ ከሌላው ሁሉ ለይቶ የተፈለገውን እንዲይዝ፣ ሲፈለግም የያዘውን እንዲለቅ። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር የሚጣላ መሆኑ የዚህ ንግድ ዋና ራስ ምታት ነው፤ ምክንያቱም አጥብቆ የሚይዝ ነገር በቀላሉ አይለቅም።

ዩራኒየም በባሕር ውስጥ ብቻውን አይኖርም። ከሦስት የካርቦኔት ክፍሎች ጋር ተሳስሮ፣ ካልሲየምንም አስከትሎ ይንሳፈፋል። ያዡ ዕቃ ዩራኒየሙን ከነዚህ ጓደኞቹ መንጠቅ አለበት። አያሌ ነገሮች ከተሞከሩ በኋላ ለዚህ ሥራ የተመሰገነው አሚዶክሲም የተባለው የኬሚካል ክፍል ነው።

የአሠራሩ ሁኔታ እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ ፖሊኤቲሊን ከሚባለው ተራ ፕላስቲክ ጨርቅ ወይም ክር ይሠራል፤ ይህም ከፌስታልና ከጄሪካን ፕላስቲክ ጋር አንድ ዘር ነው። ቀጥሎ ጨርቁ በኤሌክትሮን ጨረር ይመታል፤ ጨረሩም በፕላስቲኩ ሰንሰለት ላይ ክፍት የሆኑ ቦታዎችን ይፈጥራል። ከዚያ አክሪሎናይትሪል በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ፈሳሹ በክፍቶቹ ቦታዎች ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይበቅላል። አትክልተኛ በአንዱ ዛፍ ግንድ ላይ የሌላውን ቅርንጫፍ አጣብቆ እንደሚያሳድገው ያለ ነው። አክሪሎናይትሪል በልብስ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀው አክሪሊክ የተባለው ሰው ሠራሽ ሱፍ የሚሠራበት ስለ ሆነ በገበያ እንደ ልብ የሚገኝ ነው። በመጨረሻ ጨርቁ ሃይድሮክሲላሚን በተባለ መድኃኒት ሲታከም የበቀለው ቅርንጫፍ ወደ አሚዶክሲምነት ይለወጣል። ግንዱ ለጥንካሬ፣ ቅርንጫፉ ለመያዝ ያገለግላል ማለት ነው። ይህን ዘዴ ያዳበሩት በጃፓን በታካሳኪ የሚገኘው የአቶሚክ ኀይል ምርምር ተቋም ሊቃውንት ናቸው።

ጨርቁ በባሕር ውስጥ ለሳምንታት፣ አብዛኛውን ጊዜም ለሁለት ወር ያህል ይቆያል፤ ውሃው ቀጭን ስለ ሆነ መያዙም ዝግተኛ ነው። በሞቃት ውሃ ውስጥ ከቀዝቃዛው ይልቅ የተሻለ ይይዛል። ከዚያ ተነሥቶ በአሲድ ወይም በሌላ መድኃኒት ታጥቦ ዩራኒየሙን ይለቃል፤ የታጠበበትም ፈሳሽ እየተጣራ ቢጫ ኬክ ወደሚባለው የገበያ ሸቀጥ ይለወጣል። ጨርቁም እንደ ገና ወደ ባሕር ይመለሳል።

ከማዕድን ጉድጓድ ወደ ባሕር፦ የሙትሱ ሙከራ

ጃፓን በምድሯ ለንግድ የሚበቃ የዩራኒየም ማዕድን የላትም። በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ በድንገት በናረ ጊዜ የደረሰባት ጭንቀት አብዛኛውን ማገዶዋን ከውጭ ለምታስገባ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ አስተማራት። ስለዚህ ከባሕር ዩራኒየም የማውጣት ምርምር ለእርሷ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም።

ከ1999 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በአኦሞሪ አውራጃ በሙትሱ አካባቢ፣ ከዳርቻው 7 ኪሎሜትር ርቆ፣ ትልቁ ሙከራ ተደረገ። 350 ኪሎግራም የሚመዝን ያዥ ጨርቅ በ52 ሺህ ቅጠል ተቈርጦ በሦስት ቀፎዎች ተደራርቦ ከተንሳፋፊ ማዕቀፍ ሥር ወደ 20 ሜትር ጥልቀት ተንጠለጠለ። በተለያየ ጊዜ ተደምሮ ለ240 ቀናት በባሕር ውስጥ ከቆየ በኋላ የተገኘው ከ1 ኪሎግራም ጥቂት የሚበልጥ ቢጫ ኬክ ነበር።

ይህን ውጤት የሰማ ሰው ሊስቅም ሊያደንቅም ይችላል፤ ለሁለቱም ምክንያት አለው። በገንዘብ በኩል ከንቱ ነው። በሥራ በኩል ግን እጅግ የቀጠነ ማዕድን ያለ አንዳች ፓምፕ ከክፍት ባሕር ተለቅሞ በኪሎ ሲመዘን የዓለም የመጀመሪያው ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሙከራው የወጪውን ምንጭ ማሳየቱ ነው። ቀፎውና የብረት ማዕቀፉ፣ መልሕቁና ገመዱ ከጨርቁ ይልቅ ገንዘብ የሚበሉ መሆናቸው ታወቀ። ስለዚህ ቀጣዩ አሳብ ቀፎውን ጨርሶ ማስቀረት ሆነ፤ ያዡ ዕቃ እንደ ሹሩባ ተጐንጕኖ፣ 60 ሜትር ያህል ርዝመት እንዲኖረው ተደርጎ፣ ታችኛው ጫፉ በባሕሩ ወለል ላይ ታስሮ እንደ ባሕር አረም ቆሞ እንዲወዛወዝ ታሰበ። ሹሩባው በሞቃታማው በኦኪናዋ ባሕር ሲሞከር በ30 ቀን ውስጥ 1 ኪሎ ጨርቅ 1.5 ግራም ዩራኒየም ያዘ፤ ይህም ከሙትሱ ቀዝቃዛ ውሃ የበለጠ ነው።

የጨርቁ ዕድሜና የኪሎው ዋጋ

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ለዚህም አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃል። የ1 ኪሎ ጨርቅ ዋጋ፣ ለምሳሌ ያህል፣ 10 ዶላር ነው ይባል። ጨርቁ በአንድ ነከራ 2 ግራም የሚይዝ፣ ስድስት ጊዜም የሚያገለግል፣ በየነከራውም ከመያዝ ኀይሉ ከመቶ 5 እጅ የሚያጣ ቢሆን፣ በዕድሜው በጠቅላላው 10.6 ግራም ያህል ያመጣል። ስለዚህ 1 ኪሎ ዩራኒየም ለማግኘት 94 ኪሎ ጨርቅ ያልቃል፤ የጨርቁ ወጪ ብቻ 940 ዶላር ነው። ጨርቁ ተሻሽሎ በአንድ ነከራ 3 ግራም የሚይዝና አሥር ጊዜ የሚያገለግል ቢሆን፣ ድካሙ እንደ ፊተኛው ሆኖ፣ 24 ግራም ያመጣል፤ ወጪውም ወደ 415 ዶላር ይወርዳል። 4 ግራም የሚይዝና ያለ ድካም 18 ጊዜ የሚያገለግል ቢገኝ ደግሞ 72 ግራም ስለሚያመጣ ወጪው 139 ዶላር ብቻ ይሆናል። በዚህ ላይ መርከቡ፣ ሠራተኛው፣ አሲዱና ማጣሪያው ይጨመራል።

ከዚህ ምሳሌ እንደሚታየው የጨርቁ የመያዝ ችሎታ እጥፍ መሆኑና የሚያገለግልበት ጊዜ እጥፍ መሆኑ በሒሳቡ ላይ ተቀራራቢ ዋጋ አላቸው። የሆነ ሆኖ ጋዜጦች የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ አዲስ ዕቃ በተገኘ ቍጥር በአንድ ነከራ የያዘው ግራም በትልቁ ይጻፋል። ስንት ጊዜ ታጥቦ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ ግን በአነስተኛው ፊደል እንኳ አይገኝም። ብዙ ጊዜም ሙከራው በባሕር ውስጥ ሳይሆን ዩራኒየም በብዛት በተጨመረበት የላቦራቶሪ ውሃ የተደረገ ነው። ገንዘቡን ሊያወጣ የሚያስብ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ነው።

የጃፓን ሊቃውንት በ2006 ባቀረቡት ግምት በኦኪናዋ ባሕር 4 ግራም የሚይዝ ሹሩባ 18 ጊዜ ቢያገለግል የኪሎው ዋጋ 25 ሺህ የን እንደሚሆን ተናገሩ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ200 ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ግምቱ ሁሉም ነገር በመልካም ከተሳካ ተብሎ የተሠራ ነበር። ኋላ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ያንኑ የሹሩባ ዘዴ ይዞ፣ በጊዜው በእጅ ባለው የጨርቅ ጠባይ ሲያሰላ፣ ዋጋው ወደ 1,200 ዶላር ከፍ አለ። በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው የስድስት እጥፍ ልዩነት የመጣው በአብዛኛው ከጨርቁ ዕድሜና ከመያዝ ችሎታው ነው።

የጨርቁን ዕድሜ የሚያሳጥሩት ጠላቶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ቫናዲየም ነው። ቫናዲየም በባሕር ውስጥ ከዩራኒየም ባነሰ መጠን ቢገኝም አሚዶክሲም አጥብቆ ስለሚይዘው ለዩራኒየም የተዘጋጀውን ስፍራ ቀድሞ ይወስዳል። እርሱንም ለማላቀቅ ብርቱ አሲድ ሲያስፈልግ አሲዱ ከቫናዲየሙ ጋር ቅርንጫፎቹን ጭምር ይጐዳል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶቹ ሊቃውንት ቫናዲየሙ በጨርቁ ላይ እንዲቀር ትተው ዩራኒየሙን ብቻ በለስላሳ የካርቦኔት መድኃኒት የሚያጥቡበትን ዘዴ መርጠዋል። ሁለተኛው ጠላት ሕይወት ያለው ነው፤ ብርሃን በሚደርስበት ውሃ ውስጥ የቆየ ጨርቅ በአልጋ፣ በባክቴሪያና በልዩ ልዩ ተሐዋስያን ይሸፈናል። የተሸፈነ ገጽም አይይዝም። ጨርቁን ወደ ጥልቁና ወደ ጨለማው ማውረድ ይህን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በጥልቁ ያለው ውሃ ቀዝቃዛ በመሆኑ አያያዙ ይዳከማል። ማዕበልና ዐውሎ ነፋስ ደግሞ የመርከበኞች ሁሉ የቆየ ሒሳብ ነው።

የአሜሪካ ድካምና የገበያው ዋጋ

በመጋቢት 2011 በፉኩሺማ የደረሰው አደጋ በጃፓን የአቶሚክ ጣቢያዎችን ሥራ ስላስቆመ የአገሩ ምርምር ተዳከመ። በዚያው ዓመት ግን የአሜሪካ የኀይል ሚኒስቴር የራሱን የምርምር ፕሮግራም ጀመረ። ኦክ ሪጅ የተባለው የመንግሥት ላቦራቶሪ ገጻቸው የሰፋ ክሮችን ሲሠራ፣ የፓሲፊክ ሰሜን ምዕራብ ላቦራቶሪ በዋሺንግተን ግዛት በሲኲም በሚገኘው የባሕር ጣቢያው በእውነተኛ የባሕር ውሃ ይመረምራቸው ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ በአንድ ነከራ የሚያዘው ከ3 ግራም በላይ ሆነ፤ የዋጋውም ግምት ከቀድሞው ወደ ግማሹ ገደማ ወረደ።

በ2017 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዪ ኩዪና የቀድሞው የኀይል ሚኒስትር ፕሮፌሰር ስቲቨን ቹ ከጓደኞቻቸው ጋር በመሆን በካርቦን ክር ላይ አሚዶክሲም ቀብተው፣ የኤሌክትሪክ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ እያበሩና እያጠፉ ዩራኒየሙን የሚስቡበትን ዘዴ አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት የፓሲፊኩ ላቦራቶሪ ከአንድ አነስተኛ የአይዳሆ ኩባንያ ጋር ሆኖ ርካሽ ከሆነ የአክሪሊክ ክር በተሠራ ያዥ ዕቃ 5 ግራም ቢጫ ኬክ ማውጣቱን አስታወቀ። መጠኑ በማንኪያ የሚለካ ቢሆንም ሁለተኛው ዜና ከመጀመሪያው ይልቅ የነጋዴን ጆሮ ሊስብ የሚገባው ነው፤ ክሩ ከልብስ ፋብሪካ ተረፈ ምርት እንኳ ሊሠራ እንደሚችል ስለ ተነገረ፣ ወጪው የተነካው ከሥሩ ነው። ቻይናም ብዙ ጣቢያዎች የምትሠራ አገር እንደ መሆኗ በቅርብ ዓመታት በዚህ ምርምር ላይ በሰፊው ገብታለች።

አንድ ጣቢያን ለመመገብ የሚያስፈልገው የጨርቅ ብዛትም መታወቅ አለበት። በየሁለት ወሩ የሚነሣ፣ በየጊዜውም 3 ግራም የሚይዝ ጨርቅ በዓመት 18 ግራም ያመጣል። ስለዚህ 200 ቶን ለማግኘት ከ11 ሺህ ቶን ያላነሰ ጨርቅ ያለ ማቋረጥ በባሕር ውስጥ መዋል አለበት። ይህ የማዕድን ሥራ ከመሆን ይልቅ የጨርቃ ጨርቅና የመርከብ ሥራ ነው ቢባል አልተሳሳተም፤ ሥራው አንድ ቀን ቢቃና ከባለ ማዕድኑ በፊት የሚጠቀመው ክር ፈታዩ ይሆናል።

ገበያውስ? የዩራኒየም ኦክሳይድ ዋጋ በ2007 በፓውንድ ከ130 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከፉኩሺማ በኋላ እየወረደ በ2016 መጨረሻ ከ20 ዶላር በታች ሆነ። በጥር 2024 እንደ ገና ከ100 ዶላር አለፈ። በፓውንድ 100 ዶላር ማለት በንጹሕ ዩራኒየም ኪሎ 260 ዶላር ያህል ነው። እንግዲህ የባሕሩ ዩራኒየም በብዙ መቶ ዶላር እየተገመተ ሳለ በዚህ ገበያ ሊወዳደር አይችልም፤ ዋጋው በስምንትና በዘጠኝ ዓመት አምስት እጥፍ በሚወጣና በሚወርድበት ገበያ ላይ ለሃያ ዓመት የሚቆይ የባሕር ፋብሪካ የሚሠራም የግል ባለ ገንዘብ አይገኝም።

ነገሩ በመንግሥት በኩል ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው። 200 ቶን ዩራኒየም የሚበላ ጣቢያ በዓመት ወደ 8 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል። የኪሎው ዋጋ 100 ዶላር ሲሆን በ1 ኪሎዋት ሰዓት ላይ የሚያርፈው የማዕድን ወጪ ሩብ ሳንቲም ነው። ዋጋው 600 ዶላር ቢሆን እንኳ ወደ አንድ ሳንቲም ተኩል ከፍ ይላል እንጂ ጣቢያውን አያዘጋም። የድንጋይ ከሰል ወይም የጋዝ ዋጋ ስድስት እጥፍ ቢሆን ግን የሚሆነው የታወቀ ነው። ስለዚህ የባሕሩ ዩራኒየም ሳይሸጥም አንድ ሥራ ይሠራል፤ የየብሱ ማዕድን ዋጋ ለዘለቄታው ሊያልፈው የማይችለውን ጣራ ያበጃል። ጃፓንን የመሰለች አገር ለረዥም ዘመን ውል ስትዋዋል ሻጩ ሊጠይቃት የሚችለው ዋጋ ወሰን እንዳለው ታውቃለች፤ ሻጩም ያውቃል።

ጣራው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚወስነው አንድ ኪሎ ጨርቅ ስንት ጊዜ ታጥቦ ወደ ባሕር እንደሚመለስ ነው። ይህም እስካሁን በብዙ ቶን ጨርቅ፣ በክፍት ባሕር፣ ለተከታታይ ዓመታት አልተለካም። እስከዚያው ድረስ የጣቢያዎቹ ባለቤቶች ለየዓመቱ የሚያስፈልጋቸውን ከካዛክስታን፣ ከካናዳና ከናሚቢያ ማዕድን ቤቶች በውል መግዛታቸውን ቀጥለዋል።